ነጠብጣቡ መስመር

መምህር ሙላቴን ያሳሰራቸው የውሃ ሥዕል ነው። ይህን ስናገር የሚስቁ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ይሳቁ፤ በ1970 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ያልነበረ ሰው ቢስቅ አልፈርድበትም። የነበረ ሰው ሲስቅ ግን ደሜ ይፈላል።

ያኔ አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። መምህር ሙላቴ ኬሚስትሪ ያስተምሩናል። ቀጭን፣ ረጅም፣ የኮታቸው ኪስ በጠመኔ ዱቄት የነጣ ሰው ነበሩ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ አንድ አንቀጽ ያነቡና ቀና ብለው «እሺ፣ አሁን ደግሞ በሰውኛ» ይላሉ፤ ከዚያ በአማርኛ ይጀምራሉ። እኔ ኬሚስትሪን የወደድኩት በዚያች «በሰውኛ» ነው። ስለ ፖለቲካ ግን በእንግሊዝኛም በአማርኛም ተንፍሰው አያውቁም። ሌሎቹ መምህራን በየሻይ ቤቱ ሲከራከሩ እሳቸው ደብተር አርመው ቤታቸው ይገባሉ። ከሳቸው በላይ ጠንቃቃ ሰው አላየሁም። ጥንቃቄው ምን ጠቀማቸው?

የዚያን ቀን ትምህርት ስለ ውሃ ነበር። «ውሃ ቀላል ነገር ነው» ብለው ጀመሩ። «የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ እንኳ ሞለኪውሉ ከውሃ ይከብዳል። ታዲያ ያ ከባዱ በአየር ላይ ሲበተን ቀላሉ ውሃ ለምንድን ነው እንስራ ውስጥ አርፎ የሚቀመጠው? ለማፍላትስ ለምን ያን ሁሉ እንጨት ይፈጃል?»

ውሃ እንስራ ውስጥ መቀመጡ ጥያቄ የሚያስነሳ ነገር መሆኑን እኔ ራሴ አስቤው አላውቅም ነበር።

ሰሌዳው ላይ ትልልቅ ክቦች ሣሉ፤ በያንዳንዱ ውስጥ O ጻፉ። ከያንዳንዱ ትልቅ ክብ ጋር ሁለት ትንንሽ ክቦች በሙሉ መስመር አያያዙ፤ እነሱ ውስጥ ደግሞ H። «ይኼ ሙሉው መስመር የቤተሰብ ነው፤ ጠንካራ ነው» አሉ። «ኦክስጅን ግን ስስታም ነው። በጋራ የያዙትን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ይጎትታል። ሃይድሮጅኑ ይራቆትና በመጠኑ ፖዘቲቭ ይሆናል። የተራቆተ ሰው ምን ያደርጋል? ወደ ጎረቤት ያያል። የጎረቤቱ ኦክስጅን ደግሞ ኔጋቲቭ ነውና ይሳሳባሉ።» ከአንዱ ትንሽ ክብ ወደ ጎረቤቱ ትልቅ ክብ ነጠብጣብ መስመር አሰመሩ። ከሌላውም ወደ ሌላው አሰመሩ፤ ሰሌዳው በነጠብጣብ ተሞላ። «የሃይድሮጅን ቦንድ የምንለው ይኼን ነጠብጣቡን ነው። አንዱን ብቻ ካያችሁት ደካማ ነው። ይለቃል፣ ሌላውን ይይዛል፣ ደግሞ ይለቃል። ብዙ ስለሆኑ ነው ውሃን ውሃ አድርገው ያቆዩት። ያ ሁሉ እንጨት የሚፈጀው እነዚህን ለማላቀቅ ነው።»

ከዚያ በጣሳ ውሃ አስመጡና መርፌ ሊያንሳፍፉ ሞከሩ። ሰመጠ። ደግመው ሞከሩ፤ ሰመጠ። ክፍሉ መሳቅ ሲጀምር «ቅቤ የተቀባ ሰው አለ?» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እናቴ ራሴን ቅቤ ሳትቀባ ትምህርት ቤት አትሰደኝም ነበርና የክፍሉ መሳለቂያ ነበርኩ። መርፌውን ተቀብዬ ፀጉሬ ላይ አሸሁና መለስኩላቸው። ቀስ ብለው በጎኑ አስተኙት፤ ውሃው ላይ ቀረ። ውሃው ከስሩ ጎድጎድ ብሎ ሲሸከመው ይታያል። «እነዚያ ነጠብጣቦች ናቸው የያዙት» አሉ። ደስ አላቸው፤ እኛም ደስ አለን።

ደወል ሊደወል ሲል ማጠቃለያውን ከሥዕሉ ስር በአማርኛ ጻፉልን። «የሃይድሮጅን ቦንድ ማለት፣ ከኦክስጅን ጋር የተያያዘ የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን የሌላውን ሞለኪውል ኦክስጅን ሲስብ የሚፈጠር ትስስር ነው። አንዱ ብቻውን ደካማ ነው፤ ሲበዛ ግን ይጸናል፤ እሳት እስኪበረታ ድረስ አይለቅም።» ደወሉ ተደወለ። ሰሌዳውን ሳያጠፉ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ በኛ ክፍል የውይይት ክበብ ነበር። የሚመራው ጓድ ጌጡ የሚባል፣ ከሌላ አውራጃ ተመድቦ የመጣ ካድሬ ነው። ወጣት ነው፤ ሽጉጡን ከካኪ ሸሚዙ በላይ ነው የሚታጠቀው። ገብቶ ሰሌዳውን አየ። አንድ ትልቅና ሁለት ትንንሽ፣ ሦስት ሦስት ሆነው የተያያዙ ክቦች፣ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው የሚሄዱ ነጠብጣብ መስመሮች፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች። ከስሩ «አንዱ ብቻውን ደካማ ነው፤ ሲበዛ ግን ይጸናል»። ዘመኑ ሰው በህቡዕ ሦስት ሦስት ሆኖ ተደራጅቷል እየተባለ የሚታደንበት ዘመን ነው። ውይይቱ በዚያው ቀረ። መምህር ሙላቴን ከቤታቸው፣ ደብተር እያረሙ ሳለ ወሰዷቸው።

በማግስቱ ርዕሰ መምህራችን ሰንደቅ ዓላማ ስር ቆመው፣ ከንፈራቸው እየደረቀ ነገሩን። «ጓድ ጌጡ ፍትሐዊ ሰው ናቸው። ሥዕሉ ትምህርት ከሆነ ተማሪው ያውቀዋል ብለዋል። ከክፍሉ ሦስት ተማሪዎች ነገ ቀርበው ለየብቻ ያስረዳሉ። ትምህርት መሆኑ ከተረጋገጠ መምህሩ ይለቀቃሉ።» ካልተረጋገጠስ ብሎ የጠየቀ የለም። ካልተረጋገጠ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም።

አንድ ከፊት ወንበር፣ አንድ ከመሃል፣ አንድ ከኋላ ተመረጥን። ከመሃል እኔ ነኝ። ከኋላ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ሰዒድ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰው ወዳድ፣ ኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ላይ ግን የሚያንቀላፋ። ከፊት ደግሞ ወርቁ።

ወርቁ ከጉና ስር ነው የመጣው። ዜማና ቅኔ ሲማር ቆይቶ፣ ጢም ካቀመቀመ በኋላ ነው ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባው። እኛ «መሪጌታው» እንለዋለን። ማናቸውንም ትምህርት እንደ ዜማ ነው የሚያጠናው፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከወገቡ እየተወዛወዘ፣ ቃል በቃል። ሲጨርስ ደግሞ የድሮ መምህሮቹ መጽሐፍ ጠቅሰው እንደሚያደርጉት «ይላል» ብሎ ይዘጋል። የስበት ሕግ ይሁን የሶዲየም ጠባይ፣ መጨረሻው «ይላል» ነው። ክፍሉ ይስቃል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ከሁሉ የምተርበው እኔ ነበርኩ። «ወርቁ፣ ገብቶሃል ወይስ ሸምድደኸዋል?» እለዋለሁ። «ቃሉ ይግባ እንጂ ትርጓሜው በጊዜው ይመጣል፣ እቴ» ይለኛል። ተናዶብኝ አያውቅም።

የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ ሰዒድ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «እኔ ምንም አልገባኝም» አለ። «ወላሂ፣ ተኝቼ ነበር። ነገ ስጠየቅ አፌን ይዤ ልቆም ነው። ሰውዬውን በኔ ድንቁርና ሊገድሏቸው ነው።» እንባው መጣ። ሰዒድ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

ወርቁ ክንዱን ያዘው። «ቃሉን እኔ አስይዝሃለሁ» አለው።

በጋፋት በኩል ባለው የእግር መንገድ ወጣ ብለን፣ እህሉ የታጨደበት ማሳ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ወርቁ እየመራ ሰዒድ ይቀበላል። አንድ ሐረግ ይልለታል፣ ይመልሳል፤ ይቀጥላል፣ ይመልሳል። ሲሳሳት ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። ወርቁ እንዲህ ሲሆን ሌላ ሰው ነው፤ ቆጣ ይላል፣ ጣቱን ያወዛውዛል፣ ደግሞም ያምርበታል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሰዒድ ውሃ አደረገው፤ መወዛወዙና «ይላል»ዋም ሳትቀር።

«አሁን አንቺ» አለኝ ወርቁ።

«እኔ ገብቶኛል። በራሴ አፍ ነው የምናገረው» አልኩት።

«አንቺ በራስሽ አፍ፣ እኔ በራሴ አፍ ከሆነማ ሦስት ትምህርት ሊሆን ነው። ለየብቻ የሚጠይቁን እኮ ሊያስተያዩን ነው። አንቺ አንዲት ቃል ለውጠሽ መምህር ቢሞቱስ? ትምህርቱ አንድ ከሆነ ቃሉም አንድ መሆን አለበት። ጉባኤ ላይ ብትሆኚ በዚች ይገርፉሽ ነበር።»

እውነቱን መሰለኝ። እኛ አገር ተማሪ ማወቁ የሚታወቀው ቃል ባለመሳቱ ነው። መሪጌታውም፣ የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪያችንም፣ አባቴም ቢጠይቁኝ የሚፈልጉት ያንኑ ነበር። ስለዚህ እኔም ተቀበልኩ። ከብት እየነዳ ያለፈ አንድ ገበሬ ቆም ብሎ ሰማንና «ያግባላችሁ ልጆቼ» ብሎን ሄደ፤ የቆሎ ተማሪ መስለነው ይሆናል።

ምርመራው የሚካሄደው ከአንድ ባላባት በተወረሰ ግቢ ውስጥ ነው። ጎተራው እስር ቤት፣ እልፍኙ ቢሮ ሆኗል። ጠዋት ደጅ ካለው መደብ ላይ አስቀመጡን። ወርቁ መጀመሪያ ገባ። ሲወጣ በሌላ በር ወሰዱት። ሰዒድ ገባ። በሩ ቀዳዳ ስለነበረው ድምፁ ይሰማኛል፤ አንዲት ቃል አልሳተም። «ይላል» ሲል ከፍ አድርጎ ነው። ጎበዝ አልኩ በሆዴ። ልቤ ቀለል አለኝ።

ስገባ መምህር ሙላቴ ጥግ ላይ፣ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጫማ የላቸውም፤ ውስጥ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ ጠቁሯል። አንድ ጠባቂ በላያቸው ቆሟል። ሰላም ልላቸው አፌን ስከፍት ጌጡ «ወደኔ እዪ» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ የሰሌዳው ሥዕል በወረቀት ተገልብጦ ተቀምጧል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

እጆቼን ከኋላዬ አጣምሬ ጀመርኩ። «የሃይድሮጅን ቦንድ ማለት፣ ከኦክስጅን ጋር የተያያዘ የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን…»

«…የሌላውን ሞለኪውል ኦክስጅን ሲስብ የሚፈጠር ትስስር ነው» ብሎ ጌጡ ተቀበለኝ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልክ እንደ ወርቁ እየተወዛወዘ እስከ መጨረሻው ተወጣው። «እሳት እስኪበረታ ድረስ አይለቅም፤ ይላል።» ዓይኑን ገለጠ። «እኔም ይኸው አጠናሁት። ለመሆኑ ማነው የሚለው?»

ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተከልኩ።

«ሦስት አፍ፣ አንድ ቃል» አለ፤ ድምፁን እንኳ አላነሳም። «እኔ ስንትና ስንት ሰው መርምሬያለሁ። እውነቱን የሚናገሩ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቃል ተናግረውኝ አያውቁም፤ አንዱ ያየውን ሌላው አላየም፣ አንዱ ይረሳል፣ ሌላው ይጨምራል። አንድ ዓይነት የሚናገሩት ያስጠኗቸው ናቸው። ይኼ ትምህርት አይደለም፤ መሐላ ነው።» ወደ ጠባቂው ዞረ። «ውሰደው ሰውዬውን።»

መምህር ሙላቴ ቀና አሉ። ከታሰሩ ወዲህ ዓይናችን የተገናኘው ያኔ ነው። «ፈንታነሽ» አሉ ቀስ ብለው፤ «በሰውኛ።» ጠባቂው ጎናቸውን ረገጣቸው።

አሁንም ድረስ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ብቻ «ውሃ ይሰጠኝ!» ብዬ ጮህኩ። ጌጡ የተጠማሁ መስሎት በጣሳ አስመጣልኝ። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ፣ ሥዕሉ አጠገብ አስቀመጥኩት። ዩኒፎርሜ አንገት ላይ ሁልጊዜ መርፌ እሰካለሁ፤ አወጣሁና ውሃው ውስጥ ጣልኩት። ሰመጠ። «ብረት ነው፤ ይሰምጣል» አልኩ። በጣቴ አወጣሁት፣ በቀሚሴ አደረቅሁት፣ ፀጉሬ ላይ አሸሁት። አስተኛሁት። ተንሳፈፈ።

ጌጡ ጎንበስ አለ።

«ምን ያዘው?» አልኩት። «ሰው የለበትም። ድርጅት የለበትም። ውሃ ብቻ ነው። አንዷ የውሃ ቅንጣት ጎረቤቷን ይዛለች፣ ጎረቤቷ ደግሞ ሌላዋን። አያያዛቸው ደካማ ነው፤ በጣትዎ ቢነኩት ይለቃል። ግን ብዙ ናቸው። ነጠብጣቡ መስመር እሱ ነው። ሌላ ምንም አይደለም፣ ጓድ። እናቴን ይጠይቋት፤ ስሙን አታውቀውም እንጂ ውሃ ከእንስራ አፍ ላይ ጠብ ሳይል ተንጠልጥሎ ሲቆይ አይታለች። እርስዎም አይተዋል።»

ጌጡ ጣቱን ሰደደና መርፌውን ነካው፤ ሰመጠ። «እስቲ ስጪኝ» አለ። ራሱ ሞከረ፤ ሰመጠበት። «ቅቤ» አልኩት፤ ከፀጉሬ በጣቱ ወስዶ ቀባው። ምላሱን እንደ ሕፃን ነክሶ አስተኛው። ተንሳፈፈለት። ሳቀ። እግዜር ያውቃል፣ ደስ የሚል ሳቅ ነበር። ያኔ ጠላሁት፤ እስከ ዛሬም እጠላዋለሁ፤ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ደንቆሮ አለመሆኑ ነው። ስለ ፈላ ውሃ ጠየቀኝ፤ መለስኩለት። በረዶ ለምን እንደሚንሳፈፍ ጠየቀኝ፤ ሲረጋ ነጠብጣቦቹ ቅንጣቶቹን አራርቀው ስለሚያቆሟቸው ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ገባኝ» አለ። «ትምህርት ነው። ሰውዬው ይፈታ።»

ጠባቂው መምህር ሙላቴን ደግፎ አነሳቸው። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ አስቀድሜ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለቴም ትዝ ይለኛል።

«ቆይ» አለ ጌጡ። ገና መርፌውን ያያል። «አንቺ እንዲህ ገብቶሽ ሳለ ለምን የነሱን ቃል ጀመርሽልኝ?»

ሁለቱን አስጠራቸው። ወርቁና ሰዒድ ገብተው አጠገቤ ቆሙ። ወርቁ መምህር ሙላቴ ቆመው ሲያይ ፊቱ በራ።

«እነዚህን ያስጠናቸው ማነው?» አለ ጌጡ።

ሰዒድ መሬት መሬት አየ። እኔ ወርቁን ዝም በል ልለው ፈለግሁ፤ ግን በምን ቋንቋ? በወርቁ አገር ቃል ማስያዝ ክብር ነው። ታላቁ ተማሪ ታናሹን ቃል በቃል እያስደገመ አስቀጽሎ ጉባኤ ላይ ሲያቆመው ማነው ያስተማረህ ተብሎ ይጠየቃል፤ ይመሰገናል። ወርቁ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ።

«እኔ ነኝ ያስቀጸልኳቸው፣ ጌታዬ» አለ። «አንዲት ቃል አልሳቱም አይደል?»

«አልሳቱም» አለ ጌጡ። «የት ነው ያስጠናሃቸው?»

«ኸጋፋት መንገድ፣ ኸማሳው ዳር።»

«በማን ፈቃድ?»

ወርቁ ግራ ተጋባ። «ለጥናት ማን ይፈቅዳል፣ ጌታዬ?»

«እኔም ነበርኩ!» አልኩ። «አብረን ነው ያጠናነው። እኔንም እሰሩኝ!»

ጌጡ መርፌውን ከጣሳው አውጥቶ በእጄ አስያዘኝ። «አንቺ ብቻሽን ስትቀሪ ብቻሽን ተናገርሽ። ይኼኛውም ልጅ የተሰጠውን ተቀበለ እንጂ አልሰጠም። አንዱ ብቻውን ደካማ ነው ብለሽ አሁን አሳየሽኝ እኮ። እኔ ከደካማው ጋር ምን ሥራ አለኝ? የሚያያይዘውን ነው የምፈልገው።» በአገጩ ወደ ወርቁ አመለከተ።

ጠባቂው መምህር ሙላቴን ለቀቀና ወርቁን ያዘ። ወርቁ አልታገለም። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ «መምህር፣ እንኳን ወጡ» አላቸው። ነገ የሚመለስ ነበር የመሰለው።

መምህር ሙላቴን ሰዒድና እኔ ግራና ቀኝ ደግፈን ወሰድናቸው። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚደጋግሙት፤ «ሰሌዳውን ባጠፋው ኖሮ፣ ሰሌዳውን ባጠፋው ኖሮ»። ሰላም ይለን የነበረው ሰው ሁሉ አቀርቅሮ አለፈን። ሰዒድ እንደ ሴት ተንሰቀሰቀ ብል ይቆጣኛል፤ እኔም አልልም። ሁላችንም ነን የተንሰቀሰቅነው።

የወርቁ እናት እማማ አበበች ልጃቸው መታሰሩን ሰምተው ከጉና ስር በእግራቸው መጡ። እኛ ቤት አረፉ። በየጠዋቱ ድርቆሽና ቆሎ ቋጥረው ወደ ግቢው ይሄዳሉ፤ ጠባቂው ይቀበላቸዋል። ባዶውን ጨርቅ ይዘው ሲመለሱ «በልቶታል» ይሉናል፤ ደስ ይላቸዋል። እኔን አስቀምጠው ምን አጥፍቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሥዕሉንም፣ ውሃውንም፣ ጥናቱንም። «ቃል ነው የተማረው» አሉ። «ኸቃል ሌላ ምን ያውቃል ልጄ?»

አንድ ጠዋት ቋጠሮው እንደተቋጠረ ተመለሰ። ከላዩ ላይ የወርቁ ጋቢ ታጥፎ ነበር። «ከዛሬ ወዲያ አይምጡ» ነው የተባሉት። እርምጃ የተወሰደበት ሰው አይለቀስለትም፤ ያለቀሰ ራሱ ይጠየቃል። እናቴ በሩን ዘጋች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ እማማ አበበች ጋቢውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ከዚያ ሌላ የሰማሁት ነገር የለም። እግራቸው ብቻ መሬቱን ይመታ ነበር። የት እንደተቀበረ አልተነገራቸውም፤ ጋቢውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

መምህር ሙላቴ እግራቸው ሲሽር ወደ ክፍል ተመለሱ። የፊተኛው ወንበር ባዶ ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም። እሳቸው መጽሐፉን ያነባሉ፣ ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፣ ደወሉ ሳይደወል ያጠፋሉ። «በሰውኛ» የሚሏት ነገር ቀረች። አንድ ቀን የአንድ ሕግ ፍቺ አንብበው እንደ ድሮው ሁላችንም አብረን እንድንለው «ድገሙ» አሉ፤ ከአፋቸው አምልጦ ይመስለኛል። ማንም አልደገመም። ያ ሁሉ ተማሪ አፉን ዘግቶ ጎረቤቱን በዓይኑ ጠርዝ ያያል፤ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ቃል ማውጣት ፈርቶ። መምህር ሙላቴም አየት አድርገውን ወደ ሰሌዳቸው ዞሩ።

ዓመቱ ሲያልቅ ፈተና ሰጡን። ከጥያቄዎቹ አንዱ የሃይድሮጅን ቦንድ ምንድን ነው የሚል ነበር፤ በምንፈልገው ቋንቋ እንድንመልስ ፈቅደዋል። ማውጣት ግዴታቸው ስለነበር ነው ያወጡት፤ ከመጽሐፉ መዝለል ራሱ ያስጠይቅ ነበር። ከፈተናው በኋላ ስንነጋገር ሁሉም ምን እንደጻፈ ሰማሁ። አንዱ ሙሉ መስመር ነው ብሎ ጽፏል። ሌላዋ የብረት ዓይነት ነው ብላለች። ከኛ ክፍል ጎበዝ የሚባለው ልጅ የጨው ስም ጽፎ ወጥቷል። ሰዒድ፣ ያን ቃል እንደ ፋቲሐ የሚያውቀው ሰዒድ፣ «አላውቅም» ብሎ ጽፏል። ሁሉም ያውቁታል። ከጎረቤታቸው ጋር እንዳይመሳሰል ብለው ነው፤ እያወቁ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስህተት መርጠው።

እኔ ከሁሉም በላይ ገብቶኝ ነበር። በራሴ ቃል፣ መርፌውንና ቅቤውን ጨምሬ ገጽ ሙሉ መጻፍ እችል ነበር። እስኪብርቶዬን ይዤ የወርቁን ወንበር አየሁ። ከዚያ ጻፍኩ፤ የሃይድሮጅን ቦንድ ማለት፣ ከኦክስጅን ጋር የተያያዘ የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን የሌላውን ሞለኪውል ኦክስጅን ሲስብ የሚፈጠር ትስስር ነው፤ አንዱ ብቻውን ደካማ ነው፤ ሲበዛ ግን ይጸናል፤ እሳት እስኪበረታ ድረስ አይለቅም፤ ይላል። አንዲት ቃል አልሳትኩም።

መምህር ሙላቴ የታረመውን ወረቀት ሲመልሱ የኔን ገልብጠው ነው ያስቀመጡልኝ፤ ቀና ብለውም አላዩኝም። ገለጥኩት። ሙሉ ማርክ ሰጥተውኛል። «ይላል» የምትለዋን ግን ሰው እንዳያነባት በቀይ እስኪብርቶ ሰርዘዋት፣ ደግመው ሰርዘዋት፣ ወረቀቱ እዚያ ላይ ተቀዷል።